የባለማዕረጉ ዴክ ነገር

የሰርግ ካሴቱን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ የቆረጠ ሰው ዴክ ፍለጋ ሲወጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው። ትልቁ ማለት አንድ ዘመን በቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም በስቱዲዮ ጠረጴዛ ላይ ተጎልቶ የኖረው፣ ፊቱ በቁልፍ የተሞላ፣ በስተቀኙ ምስሉን ወደፊትና ወደኋላ የሚያመላልስ መዘውር ያለው፣ ጀርባው ላይ ለምን እንደተበሱ የማይታወቁ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ዴክ ነው። ገዢው ያነሳዋል፤ ይከብዳል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ክብደት ከዋስትና ወረቀት በላይ ይታመናል። ድስትም ብንገዛ፣ ካውያም ብንገዛ፣ በእጃችን አመዛዝነን «ይሄማ የድሮው ነው» ሳንል ኪሳችን አንገባም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ብዙ አይለፋም። «ፕሮፌሽናል ነው» ይላል፤ ገዢውም ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ባለሙያ የሠራበት ዕቃ ከሆነ የእኔን ካሴት እንዴት አድርጎ አያሳየው!

እኔ የምለው ግን ይህ ግምት ተገልብጦ መቆም አለበት ነው። በቤት ለተቀዳ ካሴት ዴክ ሲመረጥ፣ የዴኩ ማዕረግ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ካሴቱ ራሱ ነው፤ የት አገር፣ በምን ሲስተም፣ በምን ፍጥነት ተቀዳ? ከዚያ የዴኩ ጤና ይታያል፤ ሲታመም የሚያክመውም ሰው አብሮ ይፈለጋል። የባለሙያ ዴክ የሚባለው ዕቃ ሲሠራ ጀምሮ ለብቻው እንዲኖር አልታሰበም። አጠገቡ ደመወዝ የሚከፈለው ቴክኒሻን፣ መደርደሪያ ሙሉ መለዋወጫ፣ ወፍራም የጥገና መጽሐፍና ማስተካከያ ካሴት እንዳለ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ጣቢያው ዴኩን ሲሸጥ ቴክኒሻኑን አብሮ አይሸጥም። ስለዚህ በሙሉ ዋጋ የሚገዛው ግማሽ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ ገዝቶ ከዚህ ሁሉ ጣጣ መገላገል አይቻልም ወይ የሚል ካለ፣ አይቻልም። ጄቪሲ እነዚህን የቤት ካሴቶች የሚያነበውን የቪኤችኤስ ዴክ ለጃፓን ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር፤ ልክ በ40 ዓመቱ፣ በሐምሌ 2016፣ የመጨረሻው የሚታወቅ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን አቆመ። የሶኒ የቤታማክስ ካሴትም የተሰናበተው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በምድር ላይ ያለው ዴክ ከሞላ ጎደል ሁሉ ያገለገለ ነው፤ ልዩነቱ ማን ዘንድ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት አያያዝ አገለገለ የሚለው ብቻ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት በ2015 ባወጣው ጽሑፍ እስከ 2025 ድረስ ያልተገለበጠ ካሴት በአብዛኛው እንደጠፋ ይቆጠር ብሎ ነበር። በ2019 ደግሞ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ተመሳሳይ ደወል ደወሉ። 2025 ደርሶ አለፈ፤ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያሉት ካሴቶች ቀነ ገደቡን ስላላነበቡት አሁንም ብዙዎቹ ይታያሉ። ማስጠንቀቂያው ስህተት ነበር ማለት ግን አይደለም። ፍርሃቱ በክሩ ብቻ አልነበረም፤ ክሩን የሚያነበው መሣሪያ፣ መለዋወጫውና ሙያው ከክሩ ቀድመው ይሞታሉ የሚል ነበር። ይህ ደግሞ ዓይናችን እያየ የሆነ ነገር ነው። ስንቱ ደህና ዴክ «ለምን ቤት ያጣብባል» ተብሎ በባዶ ጠርሙስ ዋጋ ለቁራሌው እንደተሰጠ የየሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

ዴክ ለምን እንደሚያረጅ ለመረዳት ከንፈሩን ገልጦ ሆዱን ማየት ይጠቅማል። ካሴቱ ሲገባ ሁለት ትናንሽ ክንዶች ክሩን ከቤቱ ስበው ያወጡትና በአንድ የሚያብለጨልጭ የብረት ከበሮ ላይ ይጠመጥሙታል። የከበሮው ዲያሜትር 62 ሚሊሜትር ነው፤ ከሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ያንሳል። በፓል፣ ማለትም በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሲስተም፣ በሚሠራ ዴክ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል። ሄድ የምንላቸው በከበሮው ጠርዝ ላይ የተተከሉ፣ ዓይን በግድ የሚያያቸው ስንጥር የሚያካክሉ ነገሮች ናቸው። እነሱም በክሩ ላይ በሰያፍ የተሰመሩ፣ ስፋታቸው 49 ማይክሮን የሆነ፣ ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮችን እየዳሰሱ ያነባሉ። ዳሰሳው በሴኮንድ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ይህ ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ በሰዓት ሲባዛ ግን 17 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። የሦስት ሰዓት ሰርግ ያሳየ ዴክ፣ ሄዶቹ ከአዲስ አበባ ተነስተው ቢሾፍቱን አልፈው ሄደዋል፤ ያውም በእግር፣ ያውም እየተፋተጉ። እንግዲህ የጣቢያ ዴክ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢሠራ በአንድ ዓመት 2000 ሰዓት ይሞላል። የቤት ዴክ ይህን ለመሙላት በየሳምንቱ ሁለት የሁለት ሰዓት ፊልም እያሳየ አሥር ዓመት ሊጠጋ ይገባዋል።

ለዚህ ነው ብዙዎቹ የባለሙያ ዴኮች ሰዓት ቆጣሪ የሚገጠምላቸው። ቆጣሪው ከበሮው ስንት ሰዓት እንደተሽከረከረ ይናገራል፤ ገዢ መጠየቅ ያለበትም እሱን ነው። ከሻጩ የሚመጣው መልስ ግን የመኪና ደላላ መልስ ነው። «በሴት የተያዘች፣ ከቤት ቢሮ ብቻ» የተባለላት መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደደረሰባት ለየብቻ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የዴኩም ቁጥር ትንሽ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ በእርግጥ ብዙ አልሠራም፣ ወይ ከበሮው ተለውጦ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመልሷል። ሁለተኛው ጥሩ ዜና ነው፤ ማን እንደለወጠውና ከለወጠ በኋላ አስተካክሎት እንደሆነ ከታወቀ። ካልታወቀ ደግሞ ቁጥሩ ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ የትልቁ ዴክ ጠበቆች ይነሳሉ። «የጣቢያ ዴክ እኮ አካሉ ብረት ነው፤ ሞተሩ በጎማ ቀበቶ ሳይሆን በቀጥታ ነው የሚያሽከረክረው፤ የቤቱ ዴክ ደግሞ ፕላስቲክ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ብረቱ ዛሬም ብረት ነው፤ ይህንንማ ክብደቱ ይመሰክራል። ዴክን የሚገድለው ግን ብረቱ አይደለም። ክሩን የሚጎትተው የጎማ ጥቅልል ይደርቅና እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ያኔ ክሩን መያዝ አቅቶት ያንሸራትተዋል፣ አልፎም ያኝከዋል። የማርሽ ግራሶ ይጠነክርና ክንዶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ። በሰርኪቱ ላይ ያሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች ያፈሱና ሰሌዳውን ይበላሉ። ፓናሶኒክ በ1990ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው ኤጂ 1980 ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ካሴት የሚገለብጡ ሰዎች ሁሉ ያመሰግኑታል፤ ካፓሲተሩ ያልተለወጠለት ኤጂ 1980 መግዛት ግን ከዴኩ ጋር አብሮ የጥገና ሒሳብ መግዛት እንደሆነም እነዚያው ሰዎች ይናገራሉ። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ሁሉ ሕመም ሥራ ሳይሠራም የሚመጣ መሆኑ ነው። ጎማ በካርቶን ውስጥም ይደርቃል። ስለዚህ «ከካርቶኑ ያልወጣ» የሚለው ዘፈንም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ባለፈው ዓመት ተከፍቶ የተጠገነ የመንደር ዴክ፣ ሃያ ዓመት ተከድኖ ከኖረ የጣቢያ ዴክ ይሻላል።

ጤናው ተረጋገጠ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጠባዩ ነው፤ ትልቁ ዴክ ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም በዚህ ፈተና ነው። የጣቢያ ዴክ ያደገው ከሥርዓት ጋር ነው። ካሴቱ ጥሩ ዓይነት፣ ካሜራው የተስተካከለ፣ ፍጥነቱ መደበኛው፣ መቅጃውም ራሱ ወይም ወንድሙ እንዲሆን ይጠብቃል። የእኛ የሰርግ ካሴት ደግሞ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። 180 ደቂቃ የሚይዝ አንድ ካሴት ተገዝቷል፤ ሰርጉ አለ፣ መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ። ሌላ ካሴት ከመግዛት ዴኩ ላይ ያለችውን ኤልፒ የምትል ቁልፍ መጫን ይቀላል፤ ሦስቱ ሰዓት ስድስት ይሆናል፣ ሁሉም ይገባል፣ ቦታ ተርፎ የአጎት ልጅ ክርስትናም ይጨመርበታል። ይህ ቁጠባ መስመሮቹን ከ49 ማይክሮን ወደ ግማሹ ያሳንሳቸዋል። ብዙ የባለሙያ ዴኮች የተሠሩት ለመደበኛው ፍጥነት ብቻ ስለሆነ፣ ለቀጭኑ መስመር የሚሆን ሄድ የላቸውም። በኤልፒ የተቀዳው መልስ ሲገባባቸው ምስሉ ላይ የሚዥጎደጎድ ጭረት ያወርዳሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ስክሪኑን ሰማያዊ አድርገው ዝም ይላሉ። እንደ ኩሩ ዳኛ ማስረጃው አልተሟላም ብለው ፋይሉን ይመልሳሉ። አራት ሄድ ያለውና ትራኪንጉን ራሱ የሚያስተካክለው የሳሎን ዴክ ግን ያንኑ ካሴት «እስቲ እንየው» ብሎ ይሞክራል፤ ብዙ ጊዜም ያወጣዋል።

«እሺ፣ ግን ቲቢሲ ያለው የባለሙያው ላይ ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ ይህ ከሁሉም ጠንካራው ነው። አሮጌ ክር ይሳሳባል፣ ይኮማተራል፤ ስለዚህ የምስሉ መስመሮች እኩል ሰዓት ላይ አይደርሱም። በቴሌቪዥን ሲታይ የሙሽራው ሱሪ ስፌት ይርገበገባል፣ የበሩ መቃን ይጣመማል፣ ከስክሪኑ አናት ላይ ምስሉ እንደ ባንዲራ ወደ ጎን ይነፍሳል። የቱቦው ቴሌቪዥን ይህን እያየ እንዳላየ ያልፈው ነበር። የኮምፒውተር መቅጃ ግን አያልፈውም፤ ምስል ይዘላል፣ ድምፅና ከንፈር ይለያያሉ። ቲቢሲ የሚባለው ሰርኪት እያንዳንዱን መስመር ለቅጽበት ይዞ፣ አሰልፎ፣ ቀጥ አድርጎ ያሳልፋል። ዴክ ላይ ቢኖር ከምንም በላይ የሚፈለገው እሱ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ክርክሩ ግን የት ይገኛል በሚለው ላይ ነው። በአንዳንድ የባለሙያ ዴኮች ቲቢሲው ለብቻው የሚገዛና የሚሰካ ሰሌዳ ስለነበር፣ ዴኩ ተሸጦ ሰሌዳው ሊቀር ይችላል፤ ገዢው ቦታውን ብቻ ይዞ ይገባል። በሌላ በኩል የተሻሻለው ቪኤችኤስ፣ ኤስ-ቪኤችኤስ፣ በ1987 ከወጣ በኋላ፣ በቤትና በባለሙያ መካከል ላሉ ሰዎች የተሠሩ ዴኮች ቲቢሲ በሆዳቸው ይዘው ተሸጠዋል። በፓሉ በኩል የፓናሶኒክ ኤንቪ ኤፍኤስ 200፣ የጄቪሲ ኤችአር ኤስ 9600፤ በአሜሪካው በኩል ያው ያነሳነው ኤጂ 1980 ይጠቀሳሉ። እነዚህ ማዕረጋቸው መካከለኛ ነው፤ የሳሎን ካሴት ያውቃሉ፣ የስቱዲዮ ትምህርትም ቀምሰዋል። ለቤት ካሴት እኔ የምመርጠው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

ቲቢሲ ስላለው ብቻ ሁሉን ቁልፍ መጫን ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በብዙዎቹ የጄቪሲ ዴኮች ላይ ቲቢሲውና ነጠብጣብ አጥፊው በአንድ ቁልፍ ይነሳሉ። ነጠብጣብ አጥፊው ነጠብጣብንና ዝርዝርን የሚለይበት ዓይን ሁልጊዜ የለውም። የሙሽራዋን ፊት እንደ ሰም ያለሰልሰዋል፤ የሀበሻ ቀሚሱን ጥለት ደግሞ ሸማኔው የለፋበትን መስቀልና ሐረግ አጥፍቶ አንድ ወጥ ሪባን ያደርገዋል። ቪኤችኤስ ድሮውንም በቀለም ደካማ ነው፤ ቀለሙን የሚመዘግበው ከብርሃኑ በብዙ እጥፍ ባነሰ ዝርዝር ስለሆነ ቀይ ጥለት ከቀሚሱ ወጥቶ አጠገብ የተቀመጡት አባት ጋቢ ላይ ይፈስሳል። የትኛውም ዴክ ይህን አይመልሰውም፤ ያልተመዘገበ ነገር አይነበብም። ጥሩ ዴክ የሚያደርገው የቀረውን ሳይቀንስ መስጠት ነው። ከዴኩ ወደ መቅጃው የሚሄደውም ገመድ ቢቻል ኤስ-ቪዲዮ ይሁን፤ ብርሃንና ቀለም በክሩ ላይ ተለያይተው ስለተጻፉ፣ በመንገድ ላይ አደባልቆ መልሶ መለየት ትርፍ ድካም ነው።

አሁን ደግሞ የእኛ ነገር ይመጣል። ቤተሰባችን ተበትኖ ስለሚኖር ካሴቶቻችንም ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ። አዲስ አበባ የተቀዳው ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። ዋሽንግተን የተቀዳው ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ 30 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ምስል። ቴልአቪቭ ፓል፣ ሎንደን ፓል፣ ፓሪስ ሴካም። በሳዑዲ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ካሴት ፓል ብቻ በሚያውቅ ዴክ ላይ ቀለሙን ጥሎ በጥቁርና ነጭ ቢመጣ፣ ጥፋቱ የሲስተም እንጂ የክር አይደለም። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ጥሩ ዴክ ገዝቼ ልላክላችሁ» ሲል ምስጋናው ከመድረሱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ካሴቶቹ የየት ናቸው? ኤጂ 1980 የፈለገውን ያህል ቢመሰገን የፓል ካሴት አያነብም። ከዚያም በላይ የ110 ቮልት ዕቃ ነው። ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ላይ ከተሰካ የሚያሳየው ምስል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጭስ። «ፓልም ኤንቲኤስሲም ያነባል» የሚባለውም በጥንቃቄ ይሰማ። ብዙ የፓል ዴኮች የአሜሪካን ካሴት የሚያሳዩት ለቴሌቪዥን በሚመች፣ ግማሹ ከዚህ ግማሹ ከዚያ በሆነ ድብልቅ ሲግናል ነው። ቴሌቪዥኑ ይቀበለዋል፤ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ አይቀበለውም። እንደ ፓናሶኒክ ኤጂ ደብልዩ 1 እና እንደ ሳምሰንግ ኤስቪ 5000 ደብልዩ ያሉት ሁሉን ሲስተም አንብበው እርስ በርስ የሚቀይሩ ዴኮች አሉ፤ ለማየት ግሩም ናቸው፤ ለመገልበጥ ግን ቅየራውን አጥፍቶ ካሴቱን በራሱ ሲስተም መቅዳት ይሻላል። ስድስት የአዲስ አበባና አንድ የቨርጂኒያ ካሴት ያለው ሰው ለስድስቱ ይግዛ፤ ለሰባተኛው ቨርጂኒያ ያለው ዘመድ እዚያው ያስገልብጥ።

ከዴኩ በፊት ደግሞ ካሴቱ ራሱ የትኛው ነው የሚለው አለ። የሰርግ ካሴት አንድ ሆኖ አይኖርም። ቪዲዮ አንሺው ቤት ያለው ዋናው ነው፤ የሙሽሮቹ ኮፒው፤ የእናት የኮፒው ኮፒ፤ አሜሪካ የተላከው የኮፒው ኮፒ ኮፒ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሁሌም «እገሊት ወስዳው» ነው። በእያንዳንዱ ቅጂ ነጠብጣቡ ይበዛል፣ ቀለሙ ይፈስሳል። ለሦስተኛው ኮፒ ውድ ዴክ ከመግዛት፣ ለመጀመሪያው ትራንስፖርት ከፍሎ እገሊት ቤት መሄድ ያዋጣል። ይህ ምክር ዴክ ሻጮችን ስለማያስደስት ከሻጭ አይሰማም።

ትልቁን ዴክ ጨርሶ እንዳልኮንነው፣ እሱ ብቻ የሚሠራበት ቦታ አለ። ዩማቲክ ከ1971 ጀምሮ፣ ቤታካም ከ1982 ጀምሮ የባለሙያ ካሴቶች ናቸው፤ በቤት ዴክ የሚነበቡበት መንገድ የለም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የዩማቲክ ካሴት የተቀመጠለት መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር የባለሙያ ዴክ ያስፈልገዋል፤ ቴክኒሻኑንም አብሮ ይፈልግ፣ እንዲያውም መጀመሪያ ቴክኒሻኑን። የያኔው ቪዲዮ አንሺ በኤስ-ቪኤችኤስ የቀዳው ዋና ካሴት ከተገኘም የስቱዲዮው ዴክ ዓላማው ይህ ነውና ተገቢ ነው። ከውጭ የሚያመጣ ሰው ግን አስቀድሞ ይመዝን። ከእነዚህ ዴኮች ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አሉ፤ ከአሜሪካ ለሚመጣ መንገደኛ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። የአክስት ቫይታሚን፣ የወንድም ጫማና የሰፈሩ ስልኮች ሁሉ ለአንድ ዴክ ቦታ ሲለቁ የሚፈጠረውን ቅሬታ የትኛውም ቲቢሲ አያስተካክለውም።

ዴኩ ፊት ለፊት ሲቀርብ ምን ይታይ? ሻጭ «ተሞክሯል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ በርቷል ማለቱ ነው። መሞከር ማለት ካሴት ማስገባት ነው፤ ካሴቱም የገዢው ይሁን፣ ግን ቢበላ የማያስለቅስ፣ የእግር ኳስ ወይም የተረሳ ፊልም። ሲገባ የሚሰማው ድምፅ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ የሚንቋቋ ከሆነ ማርሹ ነው። ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ለግማሽ ሰዓት ይታይ፤ ካፓሲተሩ የደከመ ዴክ ሲሞቅ ነው ጠባዩን የሚያሳየው፣ ወይም ሲቀዘቅዝ ታምሞ ሲሞቅ ይድናል። ወደፊትና ወደኋላ እስከ ጫፍ ይጠንጠን። ካሴቱ ሲወጣ የፊት ክዳኑን ከፍቶ ክሩን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት ይገባል፤ ከታች ወይም ከላይ ጠርዙ ላይ የተሸበሸበ መስመር ካለ ዴኩ ክር እየበላ ነውና ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፣ ሰላም ብሎ መሄድ ነው። ከታችኛው ጠርዝ ላይ ዴኩ ምስሉን የሚከተልበት ምልክት ስለተጻፈ እዚያ የደረሰ ሽብሽብ ጠባሳው አይድንም። ክዳኑ ተፈትቶ ማየት ከተፈቀደ የጎማው ጥቅልል ጥቁርና ደብዛዛ ይሁን፣ አያብለጭልጭ። ከበሮውን በጣት መንካት፣ በጥጥ እንጨት ወደላይና ወደታች መፈግፈግ ክልክል ነው፤ ስንጥሮቹ በዚያ ነው የሚሰበሩት። እቤት ከገባ በኋላም ሻጋታ ያለበት፣ በመስኮቱ በኩል ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የሚታይበት ካሴት ሳይጸዳ አይግባበት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ ሻጋታው ከአንዱ ካሴት ወደ ዴኩ፣ ከዴኩ ወደ ሌሎቹ ሁሉ ይሄዳል።

የቀሩት ተቃውሞዎች ቀላል ናቸው። «ለሱቅ ሰጥቼ ልገላገል» የሚል ሰው፣ ካሴቱ ሦስትና አራት ከሆነ፣ ትክክል ነው፤ ሱቁን ግን ዴኩን እንዲያሳየው ይጠይቅ፣ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ጥያቄ ከእሱ ወደ ሱቁ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። «ቴሌቪዥኑን በስልክ ብቀርጸውስ?» ለሚል ደግሞ፣ ይቻላል፤ ከምስሉ ላይ የሚሯሯጥ ጥላ፣ የመብራት ነጸብራቅና ከኋላ «ሻይ ላምጣ?» የሚል ድምፅ በነጻ ይጨመርለታል። «ፍላሽ ላይ ቢገባ ማን ሦስት ሰዓት ያየዋል?» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። ማንም አያየውም። ሦስት ሰዓቱን የሚያየው የለም፤ ሰዎች የሚፈልጉት አንድ ሰው በድንኳኑ በር ገብቶ የሳቀባትን ቦታ ነው፤ እሷ ደግሞ ከስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለች የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም መገልበጥ አለበት። ሁሉም ከተገለበጠ በኋላ ዴኩ ሳይውል ሳያድር ይሸጥ፤ እየሠራ ያለ ዴክ በየዓመቱ ስለሚያንስ የገዛበትን ሊመልስ ይችላል። ሽያጩም በዝምታ ይሁን፤ ዴክ ያለው ሰው አለ የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ አንድ ጊዜ ከወጣ፣ በየቁም ሣጥኑ ያለ ካሴት ሁሉ በፌስታል ታጭቆ በር ላይ ይሰለፋል፤ «አንዷን ብቻ» እየተባለ 2000 ሰዓት ይሞላል፤ ሰዓቱ ሲሞላም ባለዴኩ መጠየቅ የሚጀምረው «ፕሮፌሽናሉን ለምን አልገዛህም?» ተብሎ ነው።